ዳዊቱን ጅጋ ያደረሰው ማን ነው?

የኢትዮጵያ ኅትመት ፈር ቀዳጅ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እንደ ተጠያቂው ይለያያል። የታሪክ መምህሩ ሮም ውስጥ የታተመውን የግእዝ ዳዊት ያስቀድማል። የጋዜጣ ሰው ስለ ብርሃንና ሰላም ይናገራል። ወለጋ ላይ ከሆነ ኦኔሲሞስ ነሲብ ይነሣል። የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ የጎጃም ሰው ግን ብዙም ሳያስብ «ተስፋ» ይላል፤ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ማለቱ ነው። አራቱም ከእውነት አይርቁም። ልዩነቱ የሚመጣው ከመለኪያው ነው። ቀድሞ በቀለም ያተመ ይባል? በአገሩ አፈር ላይ ማተሚያ የተከለ ይባል? ወይስ የታተመውን ወረቀት ገጠር ድረስ ያዘለቀ? በዚህ ዳሰሳ ሦስተኛውን መለኪያ ይዤ፣ በምዕራብ ጎጃም አንባቢ ዓይን፣ ፈር ቀዳጅ የተባሉትን አንድ በአንድ ለማየት እሞክራለሁ።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ የሚገባውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ግራና ቀኙ የብራና አገር እንደነበር ያውቃል። ቅኔ ፈላጊ ከየአቅጣጫው ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ ዲማ የሚተምበት አገር ነው። እዚህ አገር መጽሐፍ ብርቅ የሆነው ጸሐፊ ጠፍቶ አይደለም። ቁም ጸሐፊው ሞልቶ ነበር፤ ያነሰው ቆዳና ጊዜ ነው። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ እስኪሣሣ ይፋቃል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ቀጥሎ በወስፌ እየተወጋ መስመር ይሰመርበታል። ጥቁሩ ቀለም ለብቻ፣ ቀዩ ለብቻ ይበጠበጣል፤ መቃው ይቀረጻል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የመጀመሪያዋ ፊደል የምትሰፍረው። አንድ ዳዊት ለማስጻፍ የሚታረደው ፍየል ብዛትና ለጸሐፊው የሚሰፈረው ቀለብ ሲደመር፣ የራሱ ዳዊት ያለው ሰው ባለጸጋ ወይም ካህን ከመሆን አያልፍም ነበር። ሌላው በቃሉ ይይዛል፤ ወይም የየኔታን መጽሐፍ ዙሪያውን ከብቦ ይማራል። በዚህ ምክንያት መጽሐፉን ከአራት ማዕዘን ማንበብ የለመዱ፣ ፊደሉን በቁሙም በግልባጩም የሚለዩ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ።

ኅትመት ይህን ችግር ይፈታል ተብሎ የሚጠበቅ ነገር ነበር። አልፈጠነም። የግእዝ ፊደል በማተሚያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን ሮም ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጸሎት ሰምቶ፣ ቋንቋውን ከእነርሱ ተምሮ ዳዊትን አሳተመ። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን፣ ከጓደኞቹ ጋር እዚያው ሮም እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን አወጣ። ይህ ሥራ ከፖትከኑ ይልቅ ልቤን ይነካዋል። ጊዜው የግራኝ ጦርነት አገሩን አመሰቃቅሎ ያለፈበት ነው፤ መጻሕፍት ተቃጥለዋል፣ ገዳማት ተዘርፈዋል። አባ ተስፋ ጽዮን የግብረ ሐዋርያት ሙሉ ቅጂ አጥቶ የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ እያስተረጎመ ሞላው። ፊደሉን የሚደረድሩት ሠራተኞች አንዲት የግእዝ ቃል የማያነቡ ነበሩ። እንዲህ ባለ መከራ የወጣው መጽሐፍ ግን የጎጃምን ምድር ረግጦ የየኔታ ጉልበት ላይ አልተዘረጋም። የአውሮፓ ሊቃውንት ግእዝ ተማሩበት። ከመቶ ዓመት በኋላ ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ እየተማረ የጻፋቸውና ያሳተማቸው መዝገበ ቃላትና ሰዋስውም እንዲሁ ናቸው። ስለ እኛ ተጻፉ፣ በእኛ ሰዎች እውቀት ተጻፉ፣ እኛ ጋ ግን አልደረሱም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሰው ታሪኩ በጎጃም ውስጥ ሊነገር የሚገባው ሆኖ ሳለ ያልተነገረ ነው። አቡ ሩሚ ይባላል፤ አብርሃም የሚሉትም አሉ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጎጃም ውስጥ እንደተወለደ ይነገራል። ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ ፋርስን፣ ሕንድን ዞሮ በስተርጅና ካይሮ ላይ ታሞ ሲማቅቅ አስለን ደ ሸርቪል የተባለው የፈረንሳይ ቆንስል አገኘው። ሁለቱ ለዐሥር ዓመት ያህል፣ ማክሰኞና ቅዳሜ በር ዘግተው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት እስከ ራእይ በአማርኛ አወረዱት። እጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሞላ። አቡ ሩሚ እ.ኤ.አ. በ1819 ካይሮ ላይ በወረርሽኝ ሞተ፤ የሥራውን ፍሬ አላየም። በዓመቱ የእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እጅ ጽሑፉን በ1,250 ፓውንድ ገዛው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው በ1840 ለንደን ላይ ታተሙ።

ይህ ሥራ ከባድ የቋንቋ ታሪክ ነው። አማርኛ እስከዚያ ዘመን ድረስ እንዲህ ያለ ትልቅ መጽሐፍ በሙሉ ተጽፎበት አያውቅም ነበር፤ ግእዝ እያለ ማን በአማርኛ ይጽፋል? አንድ ስደተኛ የጎጃም ሽማግሌ ዐሥር ዓመት ተቀምጦ የአማርኛን ስድ ንባብ አቅም አሳየ። መጽሐፉን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ግን እነ ሳሙኤል ጎባትና እነ ክራፍ ናቸው፤ በቤተ ክህነት ዘንድ በጥርጣሬ ዓይን የሚታዩ ሚሲዮናውያን። ብራና የለመደ ካህን የፈረንጅ ወረቀት ሲመጣለት «ምን ተጨምሮበት ይሆን?» ብሎ መጠየቁ አያስገርምም። ስለዚህ የጎጃም ሰው የተረጎመው መጽሐፍ ጎጃም ሲገባ እንደ ባዕድ ተቆጠረ። የኅትመት ዋነኛው እንቅፋት የት ላይ እንደነበረ ከዚህ ይታያል። ወረቀቱን ማን እንዳመጣው ከወረቀቱ ላይ ካለው ቃል ይልቅ ይመዝን ነበር።

በአገር ምድር ላይ ማተሚያ የተተከለው በቀይ ባሕር ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 የላዛሪስት ማኅበሩ ካህን ሎሬንዞ ቢያንኬሪ ምጽዋ ላይ ማተሚያ አቆመ። ቀጥሎም እዚያው ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ ላይ የስዊድን ሚሲዮን ሥራ ያዘ፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ የሚነሣው እዚህ ነው። ኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተፈንግሎ እጅ በእጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያ ነጻ ወጣ፣ ተማረ፣ ስዊድን ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የአፋን ኦሮሞን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሱን በ1899 አወጣ፤ በግእዝ ፊደል። አብራው የሠራችውን አስቴር ጋኖን ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። ከባርነት የተረፈች ወጣት ሴት ናት፤ ከትዝታዋ ያጠራቀመቻቸው ተረቶች፣ ዘፈኖችና አባባሎች በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። በአንድ ቋንቋ ውስጥ የሕዝቡ የራሱ ተረት ታትሞ ለልጅ ማስተማሪያ ሲሆን፣ ቋንቋው የመጽሐፍ ቋንቋ መሆኑን ማንም ሊከራከር አይችልም። ኦኔሲሞስ በ1904 ነቀምቴ ሲገባ ካህናቱ ከሰሱት፣ እንዳያስተምርም ተከለከለ፤ ፈቃድ ያገኘው በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። ያም ሆኖ መጽሐፉ እጅ በእጅ ሄዷል።

የዓለምን ኅትመት ታሪክ ላየ ሰው፣ አንድ ቋንቋ መጀመሪያ በሚሲዮን እጅ መታተሙ ለየት ያለ ዕጣ አይደለም። በሕንድ ምሥራቅ የሚኖሩት ሳንታሎች ቋንቋቸው መጀመሪያ የታተመው በሚሲዮናውያን እጅ፣ የራሱ ባልሆነ ፊደል ነበር። ራግሁናት ሙርሙ የተባለ የኦዲሻ መምህር እ.ኤ.አ. በ1925 ኦል ቺኪ የተባለውን ፊደል ሠርቶ፣ እየተዘዋወረ መጽሐፍ እየጻፈ አስፋፋው፤ ሳንታሊ በ2003 በሕንድ ሕገ መንግሥት ከተዘረዘሩት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። እዚያ የሌለው ፊደል ተፈጠረ፤ እኛ ጋ ፊደሉ ሺህ ዓመት አልፎት ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ የእኛ ችግር ፊደል ማጣት ካልሆነ ምን ነበር?

መልሱን ፊደል ለቃሚው ያውቀዋል። የላቲን ሣጥን ትልቁንና ትንሹን ደርቦ ከመቶ ብዙም በማይበልጥ ጓዳ ይበቃዋል። የእኛ ግን ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ሲባዛ 231፤ ዲቃላዎቹ፣ ሃያው የግእዝ ቁጥር፣ ነጥቡና ድርብ ሰረዙ ሲጨመሩ ሣጥኑ ግድግዳ ያህላል። ፊደል ለቃሚው ቆሞ፣ እርሳስ ፊደሉን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የተገለበጠ ጽሑፍ ይደረድራል። ቀይ ቀለም ቢያስፈልግ፣ ብራናው እንደለመደው የእግዚአብሔርንና የእመቤታችንን ስም በቀይ ማውጣት ከፈለገ፣ ወረቀቱ ከማተሚያው ሥር ሁለት ጊዜ ማለፍ አለበት፤ ሁለተኛው ዙር አንድ መስመር ከተዛነፈ ገጹ ይጣላል። የእነዚህ ሠራተኞች ስም በየትኛውም የመጽሐፍ ሽፋን ላይ የለም። ብዙዎቹ ከአብነት ትምህርት ቤት የወጡ፣ ግእዝ የሚያነቡ ልጆች ነበሩ፤ ይህም ብቻ ኅትመቱን ከአባ ተስፋ ጽዮን ዘመን ችግር አወጣው።

የአዲስ አበባው ምዕራፍ ብዙ ስለተጻፈበት ፈጠን ብዬ ልለፈው። ካቫድያስ የተባለ የግሪክ ነጋዴ በምኒልክ ዘመን «አእምሮ»ን ሲጀምር ጋዜጣው በእጅ እየተገለበጠ ነበር የሚወጣው። የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም አሳተመ፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ በጣና ዳር ልጅ ተጽፎ ከአገር ውጭ መታተሙ የዘመኑን አቅም ይናገራል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የራሳቸውን ጎሐ ጽባሕ ማተሚያ አቁመው ከማሳተማቸውም በላይ፣ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አውጥተው ማንበብ ለሚፈልግ ሰው መንገድ አሳዩ። ራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት ማተሚያ ቤት ከታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. ጀምሮ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣን በየሐሙሱ አወጣ። ሁሉም ለታሪክ የሚበቁ ሥራዎች ናቸው። የሚያነባቸው ግን ከሞላ ጎደል የከተማ ሰው፣ መኳንንት፣ የቤተ መንግሥት ሰው ነበር። ጅጋ ላይ አንድ ገበሬ ልጁን ለየኔታ ሲሰጥ የሚያስፈልገው ጋዜጣ አልነበረም።

የሚያስፈልገው የፊደል ገበታ ነበር። ከዚያ ዳዊት። ከዚያ ውዳሴ ማርያም። የተስፋ ገብረ ሥላሴ ትልቅነት ይህን ማወቁ ነው። ከቡልጋ መጥቶ አዲስ አበባ ሲገባ ፊደሉን በእጁ እየጻፈ ለተማሪ ይሸጥ እንደነበር ይተረካል፤ ኋላም ስሙን የያዘውን ማተሚያ ቤት አቆመ። ያሳተመው አዲስ ነገር አልነበረም። ሀ ሁ ሂ፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቁጥሩ ሁሉ በአብነቱ ሥርዓት፣ የኔታ ድሮ በሚያስተምሩበት ቅደም ተከተል ነበር የቀረቡት። ካህኑ የማያውቀው ነገር ስለሌለበት አልጠረጠረውም። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም «ዘብሔረ ቡልጋ» ብሎ የአገር ልጅ መሆኑን ሲናገር፣ አቡ ሩሚ ያጣው መታመን ለእርሱ በቀላሉ ተገኘለት። በሚሲዮናውያን እጅ የመጣው መጽሐፍ ያስነሣውን ጥርጣሬ የተስፋ ዳዊት ጎጃም ላይ አላስነሣም።

ጉዞውም የራሱ ነበር። መጽሐፉ ከአዲስ አበባ በነጋዴ ጆንያ ተጭኖ፣ በኋላም በጭነት መኪና፣ በገበያ ቀን ጅጋና ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ነጋዴው መሬት ላይ ጨርቅ ዘርግቶ ከዕጣን፣ ከመስቀልና ከማተብ ጋር ይደረድረዋል። ገበሬው እንቁላል ወይም ጤፍ በሸጠበት ገንዘብ ለልጁ ገበታ ይገዛል። ልጁ በስንጥር እየጠቆመ ፊደል ይቆጥርበታል፤ ሲያድግ ዳዊት ይደግምበታል። እዚህ ላይ የጎጃም ሰው ለኅትመት ያደረገውን ማየት ያስፈልጋል። የወረቀቱ ዳዊት ሽፋኑ ሲላላ ወደ ደጓሹ ይወሰዳል። ደጓሹ የወረቀቱን ሽፋን ገሽልጦ እንጨት ያለብሰዋል፣ በቆዳ ይሸፍነዋል፣ እንደ ብራናው ሁሉ ማኅደር ይሰፋለታል። ማኅደሩን ከትከሻ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ከሩቅ ሲታይ የያዘው የአያቱ ብራና ይሁን ከገበያ የገዛው አይታወቅም። ማኅደሩ ሲከፈት ግን የመጀመሪያው ገጽ ላይ የማተሚያ ቤቱ ስም አለ፤ ከሥሩ የባለቤቱ ስም፣ የልጆች ልደት፣ የሟች ቀን በእጅ ተጽፎበታል። የታተመው መጽሐፍ በዚህ ዓይነት የቤተሰብ መዝገብ ሆነ።

ሌላውን ሙከራ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የጎጃም ልጆች ታላላቅ ደራሲያን ሆነዋል። የጎዛምኑ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የዲማን ዓለም ወደ መጽሐፍ አስገቡት። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን በ1955 ዓ.ም. አሳትሞ መጽሐፉ ታገደበት፤ እርሱ ግን መጻፉንም ማሳተሙንም አልተወም። ሁለቱም ለማሳተም አዲስ አበባ መግባት ነበረባቸው። የሐዲስ መጽሐፍ ስለ ጎጃም ገጠር ሆኖ የጎጃም ገጠር የደረሰው በአብዛኛው በወረቀት አይደለም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ነው። ማንበብ የማይችል ሰው የልቦለዱን ባለታሪክ ሰብለ ወንጌልን በድምፅ አወቃት። ይህ ለደራሲው ክብር ነው፤ ለማተሚያው ግን ወቀሳ ነው። ዋጋውም ስርጭቱም ገጠሩን አላሰቡም ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወቀሳውን በከፊል መለሰ። በ15 ቋንቋዎች የተዘጋጁ የፊደል መጻሕፍት በየቀበሌው ታደሉ፤ ዐዋቂ ሴቶችና ወንዶች ሌሊት በኩራዝ ተማሩ። ቁጥሩ ይጋነን እንደሆነ መከራከር ይቻላል፤ ወረቀቱ ግን በእርግጥ ደርሷል። ዘመቻው ሲያበቃ የሚነበብ ነገር ተከትሎ አለመምጣቱ ትልቁ ጉድለት ነው። ፊደል ቆጥሮ የሚያነበው መጽሐፍ ያጣ ሰው መልሶ ይረሳል። በዚያ ዘመን ብዙ ገጠር ቤት ውስጥ ሳይቋረጥ የተነበበው አሁንም ያው ዳዊት ነው።

ጎረቤቶቻችን አዊዎች ደግሞ ከቡሬ ትንሽ ከፍ ብለው እንጅባራ ላይ አዊኛን በግእዝ ፊደል ልጆቻቸውን ያስተምሩበታል። የትምህርት ቤት መጽሐፍ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እኔ የምጓጓለት የሚቀጥለው እርምጃ ነው፤ ከመምህሩ መጽሐፍ ውጭ፣ አያት ለልጅ ልጅ የምትገዛው፣ በገበያ መሬት ላይ የሚዘረጋ የአዊኛ መጽሐፍ። አስቴር ጋኖ ለአፋን ኦሮሞ ያደረገችውን፣ ተረቱን ለቅሞ ወደ ንባብ መጽሐፍ ማስገባት፣ ለአዊኛ የሚያደርግ ሰው ቢነሣ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። ፊደሉ አለ፤ አንባቢውም ትምህርት ቤት ተቀምጦ እያደገ ነው።

ስለዚህ ፍርዴን ልስጥ። በቀዳሚነት ከሄድን ሮም ትቅደም፤ አባ ተስፋ ጽዮን በደረሰበት መከራ ልክ ይከበር። በቋንቋ ሥራ አቡ ሩሚና ኦኔሲሞስ ከማንም አያንሱም፤ የአቡ ሩሚ ስም በተወለደበት አገር በትምህርት ቤት ወይም በቤተ መጻሕፍት ሊጠራ ይገባዋል። በመንግሥት ኅትመት ብርሃንና ሰላም አቻ የለውም። ገጠሩን በማዳረስ ግን ከተስፋ ገብረ ሥላሴ የሚበልጥ የለም። ለምሁራን መድረክ ተብሎ ያልታተመ፣ ስለ ደራሲ ክብር ያልተጨነቀ፣ በርካሽ ወረቀት ወጥቶ ከዕጣን ጋር የተሸጠ መጽሐፍ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሰው ፊደል የቆጠረበት መጽሐፍ ነው።

አንድ የምለምነው ነገር አለ። የብራና መጻሕፍታችንን ቆጥሮ፣ ፎቶ አንሥቶ የሚመዘግብ ተመራማሪ አላጣንም። የቆዩትን የታተሙ መጻሕፍት ግን ማንም እንደ ቅርስ አይቆጥራቸውም፤ «የወረቀት ነው» ተብለው ይጣላሉ፣ ስኳር ይጠቀለልባቸዋል። በጅጋ፣ በማንኩሳ፣ በደምበጫ፣ በቡሬ ቤቶች ውስጥ በእንጨትና በቆዳ የተደጎሱ የድሮ ዳዊቶች፣ የተላላጡ የፊደል ገበታዎች፣ ኅዳጋቸው ላይ ልደትና ሞት የተጻፈባቸው ውዳሴ ማርያሞች ዛሬም አሉ። ያላችሁ ሰዎች አትጣሉአቸው። ለደብሩ ዕቃ ቤት፣ ለወረዳችሁ ባህል ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ ቤተ መጻሕፍት አሳዩአቸው፤ የታተሙበትን ዓመትና የማተሚያ ቤቱን ስም ይመዝግቡላችሁ። የአገራችን የኅትመት ታሪክ ግማሹ ያለው በእነዚህ ገጾች ኅዳግ ላይ ነው፤ እስካሁን ድረስ ግን ማንም አልሰበሰበውም።